ስለ ሊቃውንት መጽሔትና ስለ አዘጋጆቹ አደራ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ፊርማ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። አንድ ደብዳቤ ጸሐፊው አርቅቆት፥ የክፍሉ ኀላፊ አይቶት፥ ዲሬክተሩ ፈርሞበት፥ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ለተቀባዩ ሲደርስ፥ ተቀባዩ የደብዳቤውን ቃል እንደ ገና ከሥሩ ለመመርመር አይነሣም። ማኅተሙን አይቶ ይቀበላል፤ ተቀብሎም ይሠራበታል። ደብዳቤው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ግን ጥፋቱ የአርቃቂው ብቻ አይደለም። ሳያነብ የፈረመው፥ ሳያመሳክር ማኅተም ያሳረፈው፥ ስሕተቱን ካወቀ በኋላ ደብዳቤውን ለመሻር የዘገየው ሁሉ በየድርሻው ይጠየቅበታል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይደለም፤ በዓለም ያሉ ሊቃውንት የምርምራቸውን ውጤት ስለሚገልጡባቸው መጽሔቶች፥ ይልቁንም እነዚህን መጽሔቶች የሚያዘጋጁና የሚያሳትሙ ሰዎች ስለ ተሸከሙት አደራ ነው። ነገሩ የሊቃውንት ብቻ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን ሐኪሙ ለልጃችሁ የሚያዝዘው መድኃኒት፥ የእርሻ ባለሙያው ለገበሬው የሚመክረው ዘር፥ ጤና ጥበቃ የሚያወጣው ደንብ፥ መነሻው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ስለ ሆነ፥ ጕዳዩ የሁላችንም ነው።

የሊቃውንት መጽሔት መታተም ከጀመረ ሦስት መቶ ስድሳ ዓመት አልፎታል። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ አስቀድሞ አንድ ሊቅ አዲስ ነገር ባገኘ ጊዜ ሌላው እንዳይነጥቀው በመፍራት ግኝቱን ይሰውር ነበር። ስመ ጥሩው ጋሊሌዎ እንኳ በ1610 ዓ.ም. በሳተርን ላይ በመነጽሩ ያየውን ነገር የገለጠው ፊደላቱን አደበላልቆ በእንቈቅልሽ መልክ ነበር፤ በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ቢያገኝ «እኔ ቀድሜ ዐውቄዋለሁ» ለማለት እንዲመቸው ነው። በ1665 ዓ.ም. ግን በጃንዋሪ ወር በፓሪስ፥ በማርች ወር በሎንዶን፥ ሁለት መጽሔቶች ተከታትለው ወጡ። የሎንዶኑን ያቋቋመው የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ ነው። ይህ ሰው ከልዩ ልዩ አገር ከሊቃውንት የሚላክለትን ደብዳቤ እየሰበሰበ በማሳተሙ፥ ቀድሞ ያሳወቀ ቀድሞ ያገኘ እየተባለ መቈጠር ተጀመረ። በዚህም ምክንያት ዕውቀትን መደበቅ ሳይሆን መግለጥ ክብር የሚያስገኝ ሆነ።

ይህ ውል እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሊቁ ግኝቱን ለሕዝብ ይሰጣል፤ መጽሔቱም በምትኩ ስምና ክብር ይሰጠዋል። እንግዲህ ክብር በሚታደልበት ስፍራ ሁሉ ሳይደክም ክብር የሚሻ ሰው ስለማይታጣ፥ በር ጠባቂ አስፈለገ።

ጥበቃው የሚከናወነው እንደሚከተለው ነው። ጸሐፊው ድርሰቱን ለአዘጋጁ ይልካል። አዘጋጁ ጽሑፉን ተመልክቶ ለመጽሔቱ የሚስማማ ሆኖ ካገኘው በዚያው የዕውቀት ዘርፍ ለታወቁ ሁለት ወይም ሦስት ሊቃውንት ያስተላልፋል። እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ያለ አንዳች ክፍያ አንብበው አስተያየታቸውን ይጽፋሉ። መርማሪው ጽሑፉን ለሌላ ሰው አያሳይም፤ ከጽሑፉ ያገኘውን ሐሳብም ለራሱ ጥናት አይወስድም። ጸሐፊው ወዳጁ ወይም ባላንጣው ከሆነ «እኔ ለዚህ ዳኝነት አልሆንም» ብሎ ይመልሳል። ይህ ካገራችን የሽምግልና ደንብ ብዙ የራቀ አይደለም። ሥርዓቱ በአንድ ቀን የቆመ እንዳይመስላችሁ። «ኔቸር» የተባለው ታላቅ መጽሔት እንኳ የውጭ መርማሪዎችን አስተያየት ለማናቸውም የምርምር ጽሑፍ ግዴታ ያደረገው በ1973 ዓ.ም. ነው። የኛው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በ1962 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትም በ1963 ዓ.ም. መውጣት ጀምረው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል። መርማሪው የሚያየው ወረቀቱን ነው እንጂ በሽተኛውን አይደለም። የተጻፈው ቍጥር ከመደምደሚያው ጋር ይስማማ እንደ ሆነ፥ ዘዴው የታወቀ እንደ ሆነ፥ ሌሎች ቀደም ብለው የጻፉት ተጠቅሶ እንደ ሆነ ይመለከታል። ያልነበረ በሽተኛ እንደ ነበረ፥ ያልተወሰደ ደም እንደ ተወሰደ ተደርጎ በጥንቃቄ ከተጻፈ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ምርመራው ለስንፍናና ለድንቍርና ወንፊት ነው እንጂ ለሐሰት ወጥመድ አይደለም። ብዙ ሰው «በሊቃውንት ተመርምሮ የታተመ» ሲባል እውነትነቱ የተረጋገጠ ማለት ይመስለዋል። ነገር ግን በጥቂት ዐዋቂዎች ታይቶ ሊነበብ ይገባዋል የተባለ ማለት ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ፥ የመጽሔት አዘጋጅ ኀላፊነት ጽሑፉ ከማተሚያ ቤት በወጣ ጊዜ የሚያበቃ ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ከባዱ ክፍል ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ በሰፊው እንናገር።

በሎንዶን የሚታተመው «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1823 ዓ.ም. የተመሠረተ፥ በዓለም ሐኪሞች ዘንድ እጅግ የተከበረ ነው። ይህ መጽሔት በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1998 ዓ.ም. አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪምና አሥራ ሁለት ባልደረቦቹ የፈረሙበትን አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የ12 ሕፃናትን ሁኔታ የሚዘረዝር ነበር። ሕፃናቱ የአንጀት ሕመም እንዳለባቸው፥ አብዛኞቹም ኦቲዝም በተባለው የአእምሮ ዕድገት ችግር እንደ ተያዙ ይገልጣል። ከዚህም ጋር የስምንቱ ወላጆች ችግሩ የጀመረው ልጆቻቸው የኩፍኝ፥ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ክትባት በአንድነት ከተወጉ በኋላ ነው ማለታቸውን ይጠቅሳል። ጽሑፉ ራሱ ክትባቱ በሽታውን ማምጣቱን አላረጋገጥንም ይላል። ዌክፊልድ ግን ጽሑፉ በወጣ ጊዜ ለጋዜጠኞች በተደረገው ስብሰባ ላይ፥ ሦስቱ ክትባቶች በአንድነት መሰጠታቸው ቀርቶ ለየብቻ እንዲሰጡ መከረ። ሕዝቡም የሰማው የጽሑፉን ጥንቃቄ ሳይሆን የሰውየውን ምክር ነው።

በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሕፃናት የሚከተቡትን ክትባት በ12 ሕፃናት ታሪክ መጠራጠር! በዚያው እትም ሁለት የክትባት ዐዋቂዎች፥ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለ መጣ ከእርሱ የተነሣ ነው ማለት እንዳልሆነ የሚያሳስብ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። አዘጋጁ እሳትና ውሃ ጎን ለጎን ካስቀመጠ ቃጠሎ የማይነሣ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ቃጠሎው ተነሣ። በእንግሊዝ አገር ቀደም ሲል ከመቶ ሕፃናት 92 ያህሉ ይህን ክትባት ይወስዱ ነበር፤ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 80 ወረደ። ኩፍኝ በሕዝብ መካከል እንዳይዛመት ከመቶው 95 ያህሉ መከተብ እንደሚያስፈልጋቸው የጤና ዐዋቂዎች ይናገራሉ። ከአገሩ ጠፋ ሲባል የነበረው ኩፍኝ በ2008 ዓ.ም. በእንግሊዝና በዌልስ እንደ ገና ነዋሪ መሆኑ ተገለጠ። ከ2012 እስከ 2013 ዓ.ም. በዌልስ በስዋንዚ ከተማና በአካባቢዋ በተነሣው ወረርሽኝ ከ1200 በላይ ሰዎች በኩፍኝ ሳይያዙ እንዳልቀሩ ለጤና ሹማምንት ተመዘገበ፤ አንድ የ25 ዓመት ወጣትም ሞተ። በአገራችን እናቶች ኩፍኝ ሳያልፍለት «ልጄ» ብለው ለመመካት እንኳ ይፈሩ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ፥ ክትባት ቤታቸው ድረስ እየመጣላቸው ሕዝብ ወደ ኋላ መመለሱ ምን ያህል እንደሚያሳዝን ይረዳዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እንመልከት። በ2004 ዓ.ም. ብራየን ዲር የተባለ የ«ሳንዴይ ታይምስ» ጋዜጠኛ አንድ ነገር አወጣ። ጽሑፉ ከመታተሙ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ዌክፊልድን ጠበቆች ቀጥረውት ነበር፤ ጠበቆቹም በወላጆች ስም ክትባቱን በሚሠሩት ኩባንያዎች ላይ ክስ ለመመሥረት የሚዘጋጁ ነበሩ። በኋላ እንደ ታወቀው ለዌክፊልድ በግሉ የተከፈለው ገንዘብ ከ4 መቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ከሕፃናቱም አንዳንዶቹ በአጋጣሚ ወደ ሆስፒታሉ የመጡ ሳይሆኑ ከዚሁ ክስ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ከዚህም ሌላ ዌክፊልድ በ1997 ዓ.ም. ለብቻው ለሚሰጥ የኩፍኝ ክትባት የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ስለዚህ ሁሉ ለአንባቢው አንዲት መስመር አልተጻፈችም። የአገሩ የሐኪሞች ምክር ቤት በኋላ ከመረመራቸው ጥፋቶች አንዱ እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ይኸውም ዌክፊልድ በልጁ የልደት በዓል ላይ ከተጋበዙት ሕፃናት ለእያንዳንዳቸው 5 ፓውንድ እየሰጠ ለምርምር ደም ማስቀዳቱ ነው።

በዚያው በ2004 ዓ.ም. ከአሥራ ሦስቱ ጸሐፊዎች አሥሩ ጽሑፉ ስለ ክትባቱ የሰጠውን ትርጓሜ ትተናል ብለው ፈረሙ። መጽሔቱም የገንዘቡን ጕዳይ አለመግለጡን ነቀፈ፤ ስለ ሌላው ክስ ግን የሆስፒታሉን ሰዎች መልስ ተቀብሎ አለፈ። ጽሑፉ በሙሉ የተሻረው በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ ምክር ቤቱ ፍርዱን ባሳወቀ በአምስተኛው ቀን። ዌክፊልድ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ «የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት» የሕፃናቱ ታሪክ በጽሑፉ ውስጥ ተለውጦ መቅረቡን ዘርዝሮ፥ ነገሩ ስሕተት ሳይሆን ማጭበርበር ነው ብሎ ጻፈ።

ከ1998 እስከ 2010 ዓ.ም. ስንቈጥር 12 ዓመት ነው። በ1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ጽሑፉ እስኪሻር ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል። በዚህ መካከል እውነቱ ሳይታወቅ ቀርቶ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. በዴንማርክ የ537,303 ሕፃናትን መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንት የተከተቡትና ያልተከተቡት በኦቲዝም አንዳች ልዩነት እንዳላሳዩ አትመው ነበር። የጐደለው ማስረጃ አልነበረም፤ ማኅተሙን ያሳረፈው ክፍል ማኅተሙን ለማንሣት መድፈሩ ነው እንጂ።

ጥፋቱን ሁሉ በዌክፊልድ ላይ ጥሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይመስለንም። አንድ ሰው ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ጕዳይ ሲኖረው መግለጥ የጸሐፊው ግዴታ ነው፤ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፥ መልሱንም ለአንባቢ ማተም ግን የአዘጋጁ ነው። ጥርጣሬ ሲነሣ ጸሐፊው ያለበትን ተቋም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ተቋሙ ግን የራሱ ስም የሚነካበት ስለ ሆነ፥ ምላሹን እንደ መጨረሻ ፍርድ መቀበል ተገቢ አይደለም። የሚያሳዝነው ደግሞ ደንቡ ያልታሰበበት ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ጽሑፉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1997 ዓ.ም. በዚያው በእንግሊዝ አገር ጥቂት የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ችግር አብረው የሚመክሩበት የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ይህ ኮሚቴ ዛሬ በሺህ የሚቈጠሩ መጽሔቶች አባል የሆኑበት ሆኗል። «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» እንደሚባለው፥ ስሕተት የሚታረምበት መጽሔት ራሱ ስሕተቱን ይዞ ሲቀመጥ አራሚው ጋዜጠኛ ሆኖ ተገኘ።

ይኸው መጽሔት ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ፈተና ገጠመው። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት በ2020 ዓ.ም. በሜይ 22 ቀን፥ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ለበሽተኞች እንደማይጠቅም፥ ይልቁንም ከሞት መብዛት ጋር እንደሚያያዝ የሚናገር ጽሑፍ በላንሴት ወጣ። ማስረጃው በስድስት አህጉር ካሉ 671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ፥ የ96,032 በሽተኞች መዝገብ ነው ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት ወዲያው በዚህ መድኃኒት ያደርገው የነበረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ሊቃውንት ግን ቍጥሩን ማመሳከር ጀመሩ። ከአውስትራሊያ መጣ የተባለው የሟቾች ቍጥር በአገሩ መንግሥት ከተመዘገበው በልጦ ተገኘ። ከአፍሪካ ተሰበሰበ የተባለውም ከአህጉሩ ሆስፒታሎች የመዝገብ አያያዝ ጋር የሚስማማ አልመሰለም። በአህጉራችን በየሆስፒታሉ የበሽተኛ ካርድ እንዴት እንደሚፈለግ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ለማንሣት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልገውም። ከመቶ በላይ ሊቃውንት የፈረሙበት ግልጥ ደብዳቤ ተላከ፤ መዝገቡን የያዘው ኩባንያ ማስረጃውን ለነፃ መርማሪዎች አላሳይም አለ፤ ከአራቱ ጸሐፊዎች ሦስቱ ጽሑፉን ሻሩ። ጽሑፉ በወጣ በ13ኛው ቀን፥ በጁን 4፥ ተሰረዘ። በዚያው ቀን በዚሁ ኩባንያ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ሌላ ጽሑፍ ከአንድ ታላቅ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ እንደዚሁ ተሻረ።

አሥራ ሁለት ዓመትና አሥራ ሦስት ቀን! ልዩነቱን ያመጣው የአዘጋጆች ትጋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ መላው ዓለም ዐይኑን የጣለበት ጕዳይ ስለ ነበር ነው። ሁሉም የሚያነብበው ስሕተት ቶሎ ይታረማል። ማንም የማይከታተለው ግን ለብዙ ዓመት በመደርደሪያ ላይ ተከብሮ ይቀመጣል። ያም ሆነ ይህ መጽሔቱ ትምህርት ወስዷል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ከአንድ በላይ የሆኑ ጸሐፊዎች የጥናቱን ማስረጃ በዐይናቸው አይተው ማረጋገጣቸውን በፊርማ እንዲገልጡ ደነገገ። ከዚያ አስቀድሞ ሳያዩ መፈረም ይቻል ነበር ማለት ነው።

የፊርማን ነገር ካነሣን፥ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታወቅ አንድ ልማድ በሊቃውንትም ዘንድ መኖሩን መደበቅ አይገባም። ይኸውም ሥራውን ሳይሠሩ በሥራው ላይ ስምን ማኖር ነው። የክፍሉ አለቃ አለቃ ስለ ሆነ፥ ሌላው ገንዘብ ስላስፈቀደ፥ ሦስተኛው ደግሞ ነገ በተራው ስም ስለሚጨምር ስማቸው ይገባል። ዝቅ ብሎ መጠይቁን ይዞ በየቀበሌው የዞረው ወጣት ግን አንዳንድ ጊዜ ከነጭራሹ ይረሳል። በ1978 ዓ.ም. በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ማኅበር የመሠረቱት የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በዚህ ላይ ያወጡት ደንብ ግልጥ ነው። ጸሐፊ የሚባለው በጥናቱ አሳብ ወይም በማስረጃው ሥራ ዋና ድርሻ ያለው፥ ጽሑፉን የጻፈ ወይም በሚገባ ያረመ፥ የመጨረሻውን ቃል አይቶ የተስማማ፥ ስለ ሥራውም ሁሉ ለመጠየቅ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ነው። ከአራቱ አንዱ ከጐደለ ምስጋና ይገባዋል፤ ጸሐፊነት ግን አይገባውም። የዌክፊልድን ጽሑፍ አሥራ ሦስት ሰዎች ፈርመውበት ሳለ የሕፃናቱን መዝገብ ከታተመው ቃል ጋር ያመሳከረ አለመገኘቱ፥ የስም ብዛት የእውነት ዋስ አለመሆኑን ያሳያል።

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘብ እንመለስ። በቀድሞው ዘመን የመጽሔቱን ዋጋ የሚከፍለው አንባቢው ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ይህም ድኻ አገሮችን ከዕውቀት የሚያስቀር በመሆኑ፥ ባለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ መጽሔቶች ለአንባቢ በነፃ ተከፍተው ወጪውን ጸሐፊው ወይም ተቋሙ እንዲከፍል ተደረገ። አሳቡ መልካም ነው፤ ለኛም ጠቅሞናል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ የሚታተም ጽሑፍ ገንዘብ የሚቀበል አሳታሚ «አይሆንም» ባለ ቍጥር ገቢው ይቀንሳል። በር ጠባቂው በበሩ ከሚገባው ሰው ሁሉ የሚከፈለው ሲሆን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም።

ይህን ለመፈተን በ2013 ዓ.ም. «ሳይንስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ጸሐፊ ጆን ቦሃነን አንድ ብልሃት ፈጠረ። በድንጋይና በዛፍ ልጥ ላይ ከሚበቅል ሽበት የተገኘ ንጥረ ነገር ነቀርሳን ይገታል የሚል፥ ማንም ተማሪ ሊያየው የሚችል ስሕተት ያለበት ሐሰተኛ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለ304 መጽሔቶች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት፤ 98ቱ ብቻ መለሱት። የሐሰተኞቹ ጸሐፊዎች ስም አፍሪካዊ እንዲመስል ተደርጎ ነበር፤ ከፈጠራቸውም ተቋሞች አንዱ በአስመራ የሚገኝ ተባለ። ይህን ስናነብ ትንሽ ቅር ቢለን አያስነቅፈንም። ዳሩ ግን ጽሑፉን ከተቀበሉት አዘጋጆች ተቋሙ በእርግጥ መኖሩን ለማጣራት የተነሣ አለመታየቱ ከስሙ አመራረጥ ይልቅ የሚያሳስብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ረቀቀ። ያልተሠራ ጥናት እንደ ጨርቅ እየፈበረኩ ለጸሐፊነት ፈላጊ የሚሸጡ ድርጅቶች ተነሥተዋል። በ2021 ዓ.ም. ዋይሊ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ሂንዳዊ የተባለውን ድርጅት ገዛ። ቈይቶ ግን በሂንዳዊ መጽሔቶች ውስጥ የእንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዛት ተገለጠ። በ2023 ዓ.ም. ብቻ በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ጽሑፎች ተሽረዋል፤ ከነዚህም ከ8,000 የሚበልጡት ከዚሁ አንድ ድርጅት መጽሔቶች የወጡ ናቸው። ፈላጊ ባይኖር ሻጭ አይኖርም ነበርና፥ የዩኒቨርሲቲ መምህር ዕድገቱ የጽሑፉን ፍሬ በመመርመር ሳይሆን የጽሑፉን ብዛት በመቍጠር በሚወሰንበት አገር ሁሉ፥ ኛም ዘንድ ጭምር፥ ገበያው ክፍት ነው። ከደመወዙ ቈጥቦ ስሙ ለማይታወቅ መጽሔት የሚከፍል ወጣት መምህር በአንድ በኩል አታላይ ቢመስል፥ በሌላ በኩል የተታለለ ነው።

የተሻረ ጽሑፍ እንዴት ሊደረግ ይገባል? ገጹን ቀድዶ መጣል አይገባም። አባቶቻችን ቁም ጸሐፊዎች ብራና ጽፈው ሲጨርሱ፥ መጽሐፉ ከሌላ ቅጂ ጋር እየተመሳከረ ይታረም ነበር፤ የተዘለለችው ቃል በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ በደቃቅ ጽሕፈት ትገባለች፤ ዛሬም መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው እርማቱን ያያል። በመዝገብ ቤትም ቢሆን የተሳሳተ ቍጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ፥ የታረመው ከላዩ ተጽፎ ይፈረምበታል እንጂ ተፍቆ አይጠፋም። የመጽሔትም ሥርዓት ይኸው ነው። ጽሑፉ በነበረበት ይቈያል፤ መሻሩ ግን ከነምክንያቱና ከነሻሪው ስም በግልጥ ይታተማል። «በጸሐፊዎቹ ጥያቄ ተሽሯል» ብሎ ብቻ ዝም ማለት፥ በቅንነት የተሳሳተውንና ሆን ብሎ ያጭበረበረውን በአንድ ጉድጓድ መቅበር ነው። በስሌቱ ስሕተት አግኝቶ ራሱ ጽሑፉን የሚሽር ሊቅ ሊመሰገን ሲገባው፥ ከአጭበርባሪ ጋር እየተቈጠረ ብዙዎች እርማትን እንዲፈሩ ሆነዋል።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤታችሁ ለአንድ ውሳኔ መሠረት እንዲሆን «ጥናት» ተብሎ የታተመ ጽሑፍ ቢቀርብላችሁ፥ በየት መጽሔት እንደ ወጣ፥ ወጪውን ማን እንደ ከፈለ፥ ጸሐፊዎቹ በነገሩ ውስጥ ምን ጥቅም እንዳላቸው፥ ሌሎች ደግመው ሞክረው ምን እንዳገኙ መጠየቅ የሊቃውንት ብቻ መብት አይደለም። ጽሑፉ ተሽሮ እንደ ሆነም ማወቅ ይቻላል። በ2010 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን ጋዜጠኞች የሚሻሩ ጽሑፎችን እየተከታተሉ መመዝገብ ጀምረው ነበር፤ መዝገቡ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊመለከተው ይችላል። የዌክፊልድ ጽሑፍ በዚያ ውስጥ ይገኛል። በላንሴትም ዘንድ አልጠፋም፤ ገጾቹ እንዳሉ ናቸው፤ በላያቸው ላይ መሻሩን የሚገልጥ ቃል በቀይ ቀለም በትልቁ ታትሞባቸዋል።